የባስ ድምፅ በመኪና ውስጥ፦ ሲግናል ፕሮሰሰር ምን ያደርጋል፣ ምንስ አያደርግም?

በዚህ ዕትም ከምንመልሳቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ሰብዉፈር (ባስ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) እና አምፕሊፋየር (የድምፅ ኃይል ማጉያ) ከተገጠመላቸው በኋላም ባሳቸው እንደተጠበቀው ስላልሆነ መኪኖች የቀረቡ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች በባለሙያዎች ዘንድ ዲ.ኤስ.ፒ. በመባል የሚታወቀውን ዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሰር ለመግዛት ያስባሉ፤ ነገር ግን መሣሪያው ባስን የሚጨምር ዕቃ ነው ብለው የሚጠብቁ ይመስላል። እኛ ደግሞ የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ያለው ባስ እንዳይባክን ማድረጉ ነው ብለን እናምናለን፤ መልሶቻችንም ከዚህ እምነት የሚነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ በመኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር ከበቂ አምፕሊፋየር ጋር አስገጥሜያለሁ። ከኋላ ወንበር ሆኜ ስሰማው ባሱ ጠንካራ ነው፤ ከመሪው ኋላ ስቀመጥ ግን ይሳሳል። የገጠመልኝ ባለሙያ ሁለተኛ ሰብዉፈር እንድጨምር መክሮኛል፤ አንድ ወዳጄ ደግሞ ፕሮሰሰር ይበቃሃል ይለኛል። የማንን ምክር ልቀበል?

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ የወዳጅዎ ምክር ይሻላል። ባሱ በአንድ ወንበር ላይ ጠንክሮ በሌላው ላይ መሳሳቱ የጉልበት ማነስ ምልክት አይደለም፤ ጉልበት ቢያንስ ኖሮ በሁሉም ወንበሮች ላይ ይደክም ነበር። በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሰብዉፈሩ የሚወጣው ድምፅና ከፊት በር ስፒከሮች የሚወጣው ድምፅ ጆሮዎ ዘንድ ሲደርሱ እርስ በርስ መጠፋፋታቸው ነው። አንዱ አየሩን በሚገፋበት ቅጽበት ሌላው የሚስበው ከሆነ፣ ሁለቱም በሙሉ ኃይላቸው እየሠሩ ለሰሚው የሚተርፈው ድምፅ እጅግ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ሰብዉፈር መጨመር ይህን ችግር በጉልበት ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አይፈታውም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ ያድርጉ። ባስ የበዛበት ሙዚቃ ከፍተው በመሪው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ የፊት በር ስፒከሮችን ለጊዜው ያጥፉ። እነሱ ሲጠፉ ባሱ ከበረታ፣ በሮቹ ባሱን ይቀንሱት እንደነበር በማያጠራጥር ሁኔታ ተረጋገጠ ማለት ነው። ምንም ለውጥ ካልታየ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የመኪናው ክፍል ራሱ ከሚፈጥረው ነጸብራቅ የሚመጣ ስለሆነ፣ ሰብዉፈሩ የተቀመጠበትን ቦታ ወይም የዞረበትን አቅጣጫ መቀየር ከማንኛውም መሣሪያ ይቀድማል።

የመጠፋፋቱን ምክንያት በቁጥር ማየት ጠቃሚ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ በ1 ሚሊሰከንድ የሚሄደው 34 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሰብዉፈሩ ከጆሮዎ 2.1 ሜትር፣ በአጠገብዎ ያለው የበር ስፒከር ደግሞ 0.9 ሜትር ቢርቅ፣ የ1.2 ሜትር ልዩነት ይኖራል፤ ይህም ማለት የሰብዉፈሩ ድምፅ በ3.5 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ሰብዉፈሩና በሮቹ ሥራ የሚከፋፈሉት 80 ሄርዝ (በሰከንድ 80 ንዝረት) አካባቢ ከሆነ፣ በዚያ ድግግሞሽ አንድ ሙሉ ሞገድ የሚፈጀው ጊዜ 12.5 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ መዘግየቱ ከሞገዱ ሩብ ይበልጣል። በዚህ ብቻ ሁለቱ ስፒከሮች ተስማምተው ሊሰጡ ከሚችሉት ድምፅ 4 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ይጎድላል። በዚህ ላይ የሰብዉፈሩ ሳጥንና የአምፕሊፋየሩ ማጣሪያ የየራሳቸውን መዘግየት ሲጨምሩበት ልዩነቱ ወደ ግማሽ ሞገድ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ባሱ ከናካቴው የጠፋ ይመስላል።

ፕሮሰሰሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የራቀውን ስፒከር ማፍጠን ስለማይቻል፣ የቀረቡትን ስፒከሮች ሲግናል ጥቂት ሚሊሰከንዶች ያቆያቸውና የሁሉም ድምፅ በአንድ ጊዜ እንዲደርስ ያደርጋል። ከዚህ ቀደም ብሎ ግን ክሮስኦቨሩ፣ ማለትም ዝቅተኛውን ድግግሞሽ ለሰብዉፈሩ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለበሮቹ የሚያከፋፍለው ማጣሪያ፣ መስተካከል አለበት። ብዙ ጊዜ የምናየው ስህተት ሰብዉፈሩን ከ80 ሄርዝ በላይ እንዳይጫወት ከልክሎ የበር ስፒከሮቹን ያለ ምንም ገደብ መተው ነው፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ ወገኖች ሰፊ በሆነ ክልል ውስጥ አንድ ዓይነት ድምፅ በተለያየ ሰዓት ይጫወታሉ፤ ትናንሾቹ የበር ስፒከሮችም ከአቅማቸው በላይ ሲንቀሳቀሱ ይንጫጫሉ። ለሁለቱም ወገን በኦክታቭ (ድግግሞሹ በእጥፍ ወይም በግማሽ በተለወጠ ቁጥር) 24 ዴሲቤል የሚቆርጠውን የሊንክዊትዝ ራይሊ ማጣሪያ እንመክራለን። ዚግፍሪድ ሊንክዊትዝ በ1976 ጽሑፋቸው ያስተዋወቁት ይህ ማጣሪያ፣ በመለያያው ነጥብ ላይ ሁለቱንም ወገኖች በ6 ዴሲቤል ዝቅ አድርጎ ፌዛቸውን (የሞገዳቸውን አካሄድ) አንድ ስለሚያደርግ፣ ሲደመሩ ጉብታም (ከልክ ያለፈ መጉላትም) ጉድጓድም (መጉደልም) አይፈጥሩም። ይህ የሚሆነው ግን ድምፆቹ በእኩል ሰዓት ከደረሱ ብቻ ነው።

ማስተካከያውን በሚከተለው መንገድ ያካሂዱት። በሜትር የለኩትን ርቀት ለፕሮሰሰሩ ይስጡት፤ አብዛኞቹ መሣሪያዎች ሒሳቡን ራሳቸው ይሠሩታል። ቀጥሎ ከሰብዉፈሩና ከአንድ የፊት በር በስተቀር ሁሉንም ስፒከሮች ዘግተው በመለያያው ድግግሞሽ ላይ ያለ ድምፅ፣ በምሳሌያችን 80 ሄርዝ፣ ያጫውቱ። የሰብዉፈሩን ፖላሪቲ (አየር የሚገፋበትንና የሚስብበትን ተራ) በፕሮሰሰሩ ላይ ሆን ብለው ይገልብጡና ድምፁ በጣም እስኪደክም ድረስ መዘግየቱን በትንሽ በትንሹ ይለዋውጡ፤ ከዚያ ፖላሪቲውን ወደ ነበረበት ይመልሱ። ጆሮ የድምፅን መድከም ከመጠንከሩ ይልቅ በቀላሉ ስለሚለይ፣ ጥልቁን ጉድጓድ ፈልጎ መገልበጥ በቀጥታ ከፍተኛውን ድምፅ ከመፈለግ ይልቅ ወደ ትክክለኛው ነጥብ ያደርሳል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ በአንድ ድምፅ ብቻ ከሠሩ አንድ ሙሉ ሞገድ ዘልለው የተሳሳተ ነጥብ ላይ ሊያርፉ ስለሚችሉ፣ ውጤቱን በ60 እና በ100 ሄርዝም ያረጋግጡ። ቀሪውን በርም እንዲሁ ያድርጉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የኢኳላይዘርን፣ ማለትም የተመረጡ ድግግሞሾችን መጠን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ ስም አለማንሳታችንን ልብ ይበሉ። ኢኳላይዘር የሚነካው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ በጊዜና በፖላሪቲ የተጠፋፋን ድምፅ በኢኳላይዘር ለመመለስ የሚሞክር ሰው አምፕሊፋየሩን ከማድከም በስተቀር የሚያተርፈው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ከፋብሪካ የመጣበትን ራዲዮ መቀየር ስለማይቻል ከስፒከሮቹ ሽቦ ላይ ሲግናል ወስደን ፕሮሰሰርና ሰብዉፈር ጨመርንበት። ድምፁ ዝቅ ሲል ባሱ ጥሩ ነው፤ ከፍ ባደረግሁት ቁጥር ግን ይቀንሳል። ፕሮሰሰሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ፕሮሰሰሩ ደህና ነው፤ ባሱን የሚቀንሰው ራዲዮው ነው። የመኪና አምራቾች ትናንሾቹን የበር ስፒከሮች ከጉዳት ለመጠበቅ ሲሉ፣ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ባሱ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ አድርገው ብዙ ራዲዮዎችን ይሠራሉ። ስፒከሮቹ ቢቀየሩም ራዲዮው ይህን አያውቅም።

ጥርጣሬውን ተራ መልቲሜትር ባለው ሰው ማረጋገጥ ይቻላል። የ40 ሄርዝና የ200 ሄርዝ የሙከራ ድምፆችን አዘጋጅተው፣ መልቲሜትሩን በኤሲ ቮልት ላይ አድርገው ከራዲዮው በሚወጡት ሁለት የስፒከር ሽቦዎች መካከል ይለኩ። ድምፁን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ሲወስዱ የ200 ሄርዙ ቮልት ለምሳሌ በአራት እጥፍ አድጎ የ40 ሄርዙ በሁለት እጥፍ ብቻ ካደገ፣ ራዲዮው ባሱን እየቆረጠ ነው። 200 ሄርዝን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ርካሽ መልቲሜትሮች ከቤት ኤሌክትሪክ ድግግሞሽ እጅግ በራቀ ሲግናል ላይ የተሳሳተ ንባብ ስለሚሰጡ ነው።

ይህን ጉድለት በፕሮሰሰሩ ኢኳላይዘር ለመሙላት መሞከር የሚያሳስት መፍትሔ ነው። ኢኳላይዘሩ በአንድ የድምፅ ደረጃ ላይ የተስተካከለ ቋሚ ማስተካከያ ሲሆን፣ የራዲዮው ቅነሳ ግን ከደረጃ ደረጃ ይለያያል፤ ስለዚህ ከፍ ባለ ድምፅ ላይ ልክ የሆነው ማስተካከያ ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ባሱን ከመጠን በላይ ያሳብጠዋል። የሚሻለው ራዲዮውን ቅነሳው ከሚጀምርበት በታች ባለ አንድ ደረጃ ላይ አቁሞ፣ የዕለት ተዕለቱን የድምፅ መጠን በፕሮሰሰሩ የራሱ ማዞሪያ መቆጣጠር ነው። ፕሮሰሰርዎ የብሉቱዝ ወይም የኦፕቲካል መግቢያ ካለው ደግሞ ሙዚቃውን ራዲዮውን ሳይነካ በቀጥታ ማስገባት ይቻላል፤ በድምፅ ጥራትም ይህ ይበልጣል።

የጠፋውን ባስ እንደገና የሚፈጥሩ መሣሪያዎችም በገበያ ላይ አሉ፤ የኦዲዮኮንትሮል ኩባንያ ኤፒሰንተር የተባለው መሣሪያ ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው ነው። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ከቀረው የላይኛው ድምፅ ተነሥተው ከሥሩ የነበረውን ዝቅተኛ ድምፅ ይሠራሉ። ሲግናሉ ሌላ መውጫ በሌለው መኪና ላይ ይጠቅማሉ፤ ሆኖም የሚሰጡት ባስ ከቅጂው ላይ የነበረው ራሱ ሳይሆን በግምት የተሠራ ስለሆነ፣ ለሰብዉፈሩም ከባድ ጭነት ስለሆነ፣ በቁጠባ መጠቀም ይገባል። እኛ ብንሆን የመጨረሻ አማራጭ እናደርገው ነበር።

ጥያቄ፦ ፕሮሰሰሩ ላይ 45 ሄርዝን በ9 ዴሲቤል ከፍ አድርጌ ነበር። በመጀመሪያ እጅግ ደስ የሚል ባስ ሰጠኝ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ከሰብዉፈሩ የተቃጠለ ነገር ሽታ መጣ። አምፕሊፋየሩና ሰብዉፈሩ በዋት የተመጣጠኑ ናቸው፤ ታዲያ ለምን?

መልስ፦ እያንዳንዱ የ3 ዴሲቤል ጭማሪ የሚያስፈልገውን የኤሌክትሪክ ኃይል በእጥፍ ያሳድገዋል። ስለዚህ 9 ዴሲቤል ማለት ስምንት እጥፍ ነው፤ ቀድሞ 50 ዋት ይበቃው የነበረ የባስ ምት አሁን 400 ዋት ይጠይቃል። አምፕሊፋየሩ ይህን መስጠት ሲያቅተው የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ጫፉ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ሞገድ ደግሞ እኩል ቁመት ካለው ንጹሕ ሞገድ ጋር ሲነጻጸር እስከ እጥፍ የሚደርስ ኃይል ይሸከማል። ይህ ሁሉ በሰብዉፈሩ ጥቅል ሽቦ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠራቀማል፤ ሽታውም የሽቦው ሽፋንና ማጣበቂያው ሲግል የሚወጣ ነው። ሽታ ከመጣ በኋላ መጫወት መቀጠል የለበትም።

ከሙቀቱ ሌላ የእንቅስቃሴ ገደብ አለ። ሰብዉፈር በግማሽ ዝቅ ባለ ድግግሞሽ ላይ እኩል መጠን ያለው ድምፅ ለመስጠት አራት እጥፍ ርቀት ወደፊትና ወደኋላ መንቀሳቀስ አለበት። ሳጥንዎ የአየር ቀዳዳ ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ፣ ሳጥኑ ከተቃኘበት ድግግሞሽ በታች አየሩ ሰብዉፈሩን መደገፍ ስለሚያቆም፣ የሰብዉፈሩ ወረቀት (አየሩን የሚገፋው ክፍል) ያለ ልጓም ይወራጫል። ለምሳሌ በ35 ሄርዝ ለተቃኘ ሳጥን፣ በፕሮሰሰሩ ላይ ከ30 ሄርዝ በታች ያለውን በኦክታቭ 24 ዴሲቤል የሚቆርጥ ማጣሪያ ማድረግ ግዴታ ነው ብንል አልተጋነነም። የሚያሳጣዎት የሚሰማ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ሰብዉፈሩ ግን ዕድሜ ያገኛል።

ለወደፊቱ 45 ሄርዝን ከፍ ከማድረግ ይልቅ በዙሪያው የጎሉትን ዝቅ ያድርጉ። በብዙ መኪኖች ውስጥ ከ50 እስከ 80 ሄርዝ ባለው ክልል አንድ ሰፊ ጉብታ ይገኛል፤ እሱን በ4 ወይም በ5 ዴሲቤል ሲቀንሱት ከሥሩ የነበረው ጥልቅ ባስ ራሱ ብቅ ይላል፤ አምፕሊፋየሩም ያርፋል። በዝግ መኪና ውስጥ ጥልቅ ባስ ከክፍሉ እገዛ ያገኛል። ከክፍሉ ረጅም ጎን ጋር ሲነጻጸር የግማሽ ሞገድ ርዝመቱ ከበለጠ፣ ለምሳሌ 2.5 ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ውስጥ ከ69 ሄርዝ ገደማ በታች፣ ሰብዉፈሩ የክፍሉን አየር በሙሉ እንደ ፓምፕ ስለሚያፍነው ድምፁ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይጠነክራል። በንድፈ ሐሳብ ጭማሪው በኦክታቭ 12 ዴሲቤል ሲሆን፣ በተግባር ግን በበርና በመስኮት ክፍተቶች በኩል አየር ስለሚያመልጥ ያንሳል። መስኮት ሲከፈት ባስ የሚቀንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ማስተካከያ በሚሠራበት ጊዜ በሮችና መስኮቶች በሙሉ መዘጋት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ፕሮሰሰሩን ለማስተካከል የስልክ ማይክሮፎን ይበቃል? ስለካው 62 ሄርዝ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓድ ያሳየኛል፤ በኢኳላይዘር ልሙላው?

መልስ፦ የስልክ ማይክሮፎኖች ለንግግር የተሠሩ በመሆናቸው፣ ብዙዎቹ የነፋስን ጩኸት ለመቀነስ ሲባል ዝቅተኛውን ድምፅ ይቆርጣሉ። ስለዚህ ለመካከለኛው ድምፅ መጠነኛ ፍንጭ ቢሰጡም በባስ ላይ ሊታመኑ አይገባም። የራሱ የማረሚያ ፋይል ያለው የዩኤስቢ መለኪያ ማይክሮፎን ይግዙ፤ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለው የድምፅ መለኪያ ፕሮግራም ያለ ክፍያ ስለሚገኝ ተጨማሪ ወጪ የለበትም። ልኬቱንም በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ አይውሰዱ፤ ጭንቅላትዎ በሚያርፍበት ቦታ ዙሪያ በአምስት ወይም በስድስት ነጥቦች ለክተው አማካዩን ይጠቀሙ።

ስለ ጉድጓዱ፣ በታመነ ማይክሮፎንም ከታየ በመጀመሪያ ሰብዉፈሩን ብቻውን፣ ከዚያ በሮቹን ብቻቸውን ይለኩ። ለየብቻ ሲለኩ ጉድጓዱ ካልታየና አንድ ላይ ሲጫወቱ ብቻ ከታየ፣ ለመጀመሪያው ጠያቂ የሰጠነው መልስ ለእርስዎም ይሠራል። ሰብዉፈሩ ብቻውን ሲጫወትም ከታየ ግን ከክፍሉ ነጸብራቅ የመጣ ነው። ነጸብራቅ የፈጠረው ጉድጓድ 20 ዴሲቤል ቢጠልቅ ለመሙላት 100 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ ጉድጓዱ የሚገኘው በእርስዎ ጆሮ ቦታ ብቻ ስለሆነ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው የሚሰማው የማይቻል ጩኸት ይሆናል። ጠባብና ጥልቅ ጉድጓዶችን ይተዋቸው፤ ጆሮም ከጉብታ ይልቅ እነሱን ይታገሣል።

ጥያቄ፦ ሰብዉፈር ለማስገባት ቦታ የለኝም። ፕሮሰሰር ብቻ ባስ ሊሰጠኝ ይችላል?

መልስ፦ እውነተኛውን አይሰጥም፤ የሚመስለውን ግን ሊሰጥ ይችላል። አንጎላችን 80፣ 120 እና 160 ሄርዝ በአንድነት ሲሰማ፣ መሠረታቸው የሆነውን 40 ሄርዝ ባይኖርም እንዳለ አድርጎ ይቆጥረዋል። አንዳንድ ፕሮሰሰሮች በዚህ ጠባይ ተጠቅመው ትንንሽ ስፒከሮች ሊያወጡት የማይችሉትን ባስ በላይኛዎቹ ድምፆች አማካይነት ያስመስላሉ። ዜማው ይለያል፤ በደረትና በወንበር ላይ የሚሰማው ግፊት ግን አይኖርም። በእርስዎ ሁኔታ ከፕሮሰሰሩ በፊት የበሮቹን የውስጥ ቀዳዳዎች በሚገባ ማሸግ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ የስፒከሩ የኋላ ድምፅ በእነዚያ ቀዳዳዎች ሾልኮ ከፊተኛው ጋር እየተጠፋፋ ነውና።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነገር ተስተካክሎልኛል፤ ነገር ግን መኪናው ቆሞ በከፍተኛ ድምፅ የተስተካከለው ባስ፣ ዝቅ አድርጌ ስነዳ ያንሰኛል። እንደገና ላስተካክለው?

መልስ፦ አያስፈልግም፤ ባሱ ሳይሆን የሰው ጆሮ ነው የሚለወጠው። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና ሙንሰን በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ባለ ቁጥር ጆሯችን ለባስ ያለው ንቃት ከመካከለኛው ድምፅ ይልቅ በእጅጉ ይቀንሳል። በተጨማሪም የመንገድና የጎማ ጩኸት የሚበረታው በዝቅተኛው ክልል ስለሆነ በጉዞ ላይ ባሱን ይሸፍነዋል። በሰው ጆሮ ዘንድ ደስ የሚል የመኪና ባስ ከመካከለኛው ድምፅ ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ከፍ ብሎ የሚስተካከለውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ፕሮሰሰርዎ ከአንድ በላይ ማስተካከያ መያዝ የሚችል ከሆነ፣ አሁን ያለውን ሳይነኩ በሌላ ማኅደር ላይ ገልብጠው የሰብዉፈሩን መጠን በ4 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ያድርጉና ለጉዞ ይጠቀሙበት። አለበለዚያ በመሪው አቅራቢያ የሚገጠም የሰብዉፈር ማዞሪያ ይበቃል። ሲገዙ ግን ማዞሪያው የሰብዉፈሩን አጠቃላይ መጠን የሚቆጣጠር መሆኑን ይጠይቁ፤ ከአምፕሊፋየር ጋር የሚመጡ አንዳንድ ማዞሪያዎች 45 ሄርዝ አካባቢን ብቻ ከፍ የሚያደርጉ ስለሆኑ፣ ሳያውቁት ሰብዉፈሩ እንደ ተቃጠለበት ጠያቂያችን ወደ 9 ዴሲቤል ጭማሪ ሊያደርሱዎት ይችላሉ።